ጠፍታ የምትጮህ መኪና

መኪናዬ ቁልፏ ተነቅሎ፣ በሯ ተቆልፎ፣ እኔ ቤት ገብቼ ምሳዬን እየበላሁ እንኳ ትጮሃለች። ሞተሩ አይደለም። ሞተሩ ጨዋ ነው፣ ሲያጠፉት ይጠፋል። የሚጮኸው የራዲያተሩ ፋን ነው። የዚህ ፋን ሥራ ቀላል ነው፤ ሞተሩ ሲግል ተነስቶ ማራገብ፣ ሲበርድ አርፎ መቀመጥ። የእኔው የመጀመሪያውን ትምህርት ተምሮ ሁለተኛው ላይ ከክፍል ወጣ።

ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ያለው ግቢያችን ውስጥ ሳቆማት ጎረቤቶቼ በመጀመሪያው ሰሞን "መኪናህን ሳታጠፋ ወርደሃል እኮ" ይሉኝ ነበር፣ በቀና ልብ። ትንሽ ቆይቶ ቀናው ልብ አለቀ። "ወይ አጥፋት ወይ ሽጣት" ማለት ጀመሩ። አንዷ ጎረቤታችን ጸሎት ላይ ሆና ድምፁን ስትሰማ ዝናብ መጣ ብላ ያሰጣችውን በርበሬ ለማስገባት ሮጣለች። በርበሬው ደህና ነው፤ የጸሎቱ መቋረጥ ግን በእኔ ስም ነው የተመዘገበው።

ችግሩ ጩኸቱ ብቻ አይደለም። ፋኑ ካልጠፋ ባትሪውን መጥጦ ይጨርሰዋል፣ ጠዋት ቁልፍ ስታዞር መኪናዋ ትንፍሽ እንኳ አትልም። ስለዚህ ሁልጊዜ ስገባ ኮፈኑን ከፍቼ የባትሪውን ገመድ በአስር ቁጥር ቁልፍ እፈታለሁ፣ ስወጣ መልሼ አስራለሁ። ጠዋትና ማታ ላም እንደሚያልብ ሰው ሆኜ ነበር፣ ወተቱ ቀርቶብኝ።

ቦሳ አዲስ የሚባል ሰፈር የሚሠራ የመኪና ኤሌክትሪሺያን አለኝ። "አለኝ" የምለው ከዘመዶቼ ይልቅ እሱን ስለማየው ነው። በራሱ የሚተማመን ሰው ነው፤ ሲሳሳት እንኳ አይጠራጠርም። መጀመሪያ የወሰድኩለት ቀን ኮፈኑን ከፈተና አንዲት ጥቁር ትንሽ ሳጥን በካቻቪቴው እጀታ ኳ ኳ አደረጋት። ፋኑ ዝም አለ።

"ሪሌው ነው" አለኝ።

ሪሌ ማለት ለፋኑ ኤሌክትሪክ የሚሰጥና የሚነፍግ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ውስጡ ያሉት ብረቶች በሙቀት ቀልጠው ሲጣበቁ ፋኑን ማንም ቢለምነው አይቆምም። አዲስ ሪሌ ገባ። ብዙም ሳይቆይ አዲሱም ተጣበቀ።

"ፎርጅድ ነው የሸጡልህ" አለኝ፣ የሸጠልኝ ራሱ መሆኑን ረስቶ። ሌላ ገባ። እሱም ተጣበቀ። "እንግዲያው ሴንሰሩ ነው" አለና የውኃውን ሙቀት የሚለካውን ሴንሰር ቀየረ። ፋኑ ግድም አልሰጠው። "ቴርሞስታቱን እናውጣው። ይሄ ነገር ለፈረንጅ አገር ብርድ ነው የተሠራው፣ ለጅማ ምን ያደርጋል?" ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃውን የሚያግደው ቴርሞስታቱም ወጣ። ጅማ ውስጥ መኪና ምንም ይመማት ምን ቴርሞስታቷ ይወጣል፤ ድሮ ልጅ ባሳለው ቁጥር እንጥሉ ይቆረጥ እንደነበረው። ፋኑ ግን እንጥሉ የተቆረጠው የሌላ ሰው ይመስል ሥራውን ቀጠለ።

ምርመራው እንደ ሰዓቱም ይለያያል። ጠዋት ከሄድኩ ችግሩ ሪሌ ነው። ከምሳ በኋላ ጫቱን ዘርግቶ ተቀምጦ ከደረስኩበት ግን ዲናሞው፣ ነዳጁ፣ መንገዱ፣ ዓለም በሙሉ ከፋኔ ጋር የተያያዘ ይሆናል። "ኤዬ፣ ብሮ፣ ሲስተሙ ነው የተበላሸው" ይለኛል፣ ከዚያ ስለ ሲስተም ይሰብከኛል። ሲመረቅን የሚሠራው አፉ ነው፤ እጁ ያዳምጣል።

አንድ ነገር ግን ጠይቆኝ አያውቅም። መኪናዋን የት ነው የምታውላት አላለኝም። ቢጠይቀኝም እውነቱን አልነግረውም ነበር።

ሥራዬ ከጅማ መድኃኒት ጭኖ በየቡናው ከተማ ለሚገኙ ፋርማሲዎች ማድረስ ነው። አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ በዚያ ዙሪያ ያለው ሁሉ። ሊሙ ገነት ካሉት ፋርማሲዎች በአንደኛው እሷ ትሠራለች። ያመጣሁትን ካርቶን ከፍታ የጎደለውን ሁሉ መንገድ ላይ እኔ የጠጣሁት ይመስል ታፋጥጠኝ ነበር። አንድ ቀን የሳል ሽሮፕ ተሰብሮ ካርቶኑ እየተንጠባጠበ ደረሰ። "ይሄስ?" አለችኝ። "መኪናዋ ስታስል ነበር" አልኳት። ሳትፈልግ ሳቀች። ነገሩ ከዚያች ቀን ጀምሮ ተበላሸ።

አሁን የሁለታችንን ችግር ልንገራችሁ። እኔ አባቴ በመንግሥት ሥራ ተመድቦ ከሸዋ ጅማ የመጣ፣ የኦርቶዶክስ ቤት ልጅ ነኝ። እሷ ጴንጤ ናት። አባቷ በወጣትነታቸው ከደቡብ ቡና ሊለቅሙ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው፤ አሁን የቡና መቀሸሪያ ማሽን ያንቀሳቅሳሉ፣ የጸሎት ቤታቸውም ሽማግሌ ናቸው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት አባትና ልጅ ብቻ ናቸው። የእኔ ወገን ፍልሰታን ሲጾም የእሷ ወገን ሥጋ ይጠብሳል፤ እሱስ ባልከፋ። የከፋው ከመጀመሪያው የነገረችኝ ነገር ነው። "አባቴ እምቢ ካለ አልወጣም" አለችኝ። "አኩርፌም አልወጣ፣ ጠፍቼም አልወጣ። ብቻውን ጥዬው አልሄድም።" ስትናገር ድምፅዋ ውስጥ ድርድር አልነበረም። ስለዚህ የእኔ ዕጣ ፈንታ በአንድ ሰው "እሺ" ላይ ተንጠልጥላ ቀረች፤ ያ ሰው ደግሞ እንዳያዩን የምንደበቃቸው ሰው ናቸው።

ሊሙ ገነት ውስጥ መደበቅ ቀላል አይደለም። ሁለት ሰው ሻይ ቤት ቢቀመጥ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ወሬው ቤት ይደርሳል። መደበቂያውን ያገኘችው እሷ ናት፤ ስትነግረኝ የምታሾፍ መስሎኝ ነበር። ከአባቷ ጀርባ ነው። ቃል በቃል ከጀርባቸው። መቀሸሪያው የደረቀውን ቡና ፈልፍሎ ፍሬውን ወደ ፊት ያወርዳል፣ ገለባውን በትልቅ ቱቦ ወደ ኋላ ይተፋል። ገለባው ዓይንና አፍንጫ ስለሚሞላ ወደዚያ የሚሄድ ሰው የለም። በቡና ወቅት ማሽኑ እስከ ምሽት ይጮሃል፤ እየጮኸ ሳለ ደግሞ አባቷ ከፊቱ ንቅንቅ አይሉም። እሷ ከሥራ ስትወጣ በጓሮ በኩል ትመጣለች፣ እኔ መኪናዬን ከቱቦው ሥር አስጠግቼ እጠብቃለሁ። ማሽኑ ዝም ሲል እሷ በአጥሩ ሽንቁር ትወጣለች፣ እኔ እነዳለሁ። በራሳቸው ማሽን ዘበኝነት ራሳቸውን እንጠብቃቸው ነበር።

መስኮት ከከፈትን ገለባው ይሞላናል፤ ስለዚህ ዘግተን፣ ሞተሩን አስነስተን፣ ኤሲውን አብርተን እንቀመጣለን። ኤሲ ሲበራ ፋኑ ይነሳል። ፋን ሲነሳ ደግሞ ከፊቱ ያለውን አየር ወደ ራዲያተሩ ይስባል። ከፊቱ ያለው አየር ምን እንደነበረ ነግሬያችኋለሁ። ይህን ለማሰብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ግን ከጎኔ ማን እንደተቀመጠች አስቡና ስለ ራዲያተር ለምን አላሰብክም በሉኝ።

ፋኑ አልጠፋ ማለት ሲጀምር መድኃኒቱን ያገኘችለትም እሷ ናት። እኔ ገመድ ልፈታ ቁልፍ ስፈልግ እሷ ከነጭ ጋውኗ ኪስ ክኒን የምትቆጥርበትን ጠፍጣፋ ብረት ታወጣለች፣ ከሪሌው ሥር ሰክታ ጎኑን ፈንቀል ታደርገዋለች፣ ሪሌው ተነቅሎ መዳፏ ላይ ይወድቃል፣ ጸጥ። የእኔ ጣት እዚያ ጠባብ ቦታ አይገባም፤ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለት ጊዜ ተቃጥያለሁ። "ኤሌክትሪሺያኑ ምን አለ?" ትለኛለች። "ሲስተም" እላታለሁ። "መኪናዋ የት እንደምትውል ነገርከው?" ኮፈኑን እዘጋለሁ። "እኔም ጋ የሚመጣው ሁሉ እንዳንተ ነው" አለችኝ አንዴ። "የሚያመውን ይነግረኛል፣ የዋለበትን ይደብቀኛል፣ ከዚያ መድኃኒቱ አልሠራም ይላል።"

መደበቁ ሲሰለቸን ሽማግሌ ለመላክ ወሰንን። ሽማግሌ የምለው ልጅ የሚጠይቁትን ነው። ያገኘሁት ሁለት ብቻ ነው። አንዱ አጎቴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በመንግሥት ቢሮ የጨረሱ፣ ምሳ ሲያዙ እንኳ ቃለ ጉባኤ የሚያነቡ የሚመስሉ ሰው። ሁለተኛው ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው፤ የተጣላ ለማስታረቅ በአፋን ኦሮሞ ጀምረው፣ በአማርኛ አልፈው፣ በቁርኣን የሚጨርሱ፣ በሦስቱም ሰው የሚያስቁ። ሦስተኛው ሽማግሌ በመጨረሻው ሰዓት "ወገቤን" ብለው ቀሩ።

ቀን መምረጡ ራሱ ስብሰባ ነበር። አርብ ሐጂ አይችሉም። እሁድ አባቷ ጸሎት ቤት ይውላሉ። ረቡዕ ደግሞ አጎቴ "ጾም ነው፣ የቀረበልኝን ሥጋ እምቢ ካልኩ አጀንዳው ከመነሻው ይበላሻል" አሉ፤ ሥጋ እንደሚቀርብላቸው ቅንጣት አልተጠራጠሩም። "እኔ በየትኛውም ቀን ሥጋችሁን አልበላም፣ ሻይ ይበቃኛል" አሉ ሐጂ። በሌላው ቀን አባቷ ከማሽኑ አይለዩም፤ የቀረችን ቅዳሜ ከሰዓት ናት።

እንደ ወጉ ከሆነ አግቢው ከሽማግሌዎቹ ጋር አይሄድም። ይህችን መኪና ግን ከእኔ ሌላ የሚነዳት ሰው አልተገኘም። አጎቴ መላ አመጡ። "አንተ ሹፌር ነህ" አሉኝ። "ከመኪናው አትወርድም። አንገትህንም አታሳይም። ስም ከተጠየቅህ ስም የለህም።" ከዚያ የመኪናዋን የኋላ ኮፈን ከፍተው አዩና ተቆጡ። "ይህ ጋራዥ ነው ወይስ የሽማግሌ መኪና?" ብለው ያለኝን ዕቃ ሁሉ፣ ካቻቪቴውን፣ ገመዱን፣ አስር ቁጥር ቁልፌን፣ አራግፈው ግቢ ውስጥ አስቀሩት። በቦታው ለጠያቂ ክብር ይሆናል ያሉትን ጋቢያቸውን አጥፈው አኖሩ። ክርክር ብጀምር ከሽማግሌነቱ ይወጣሉ ብዬ ፈራሁ።

መንገዱ ዳገት ቁልቁለት ነው። ሞተሩ ጋለ፣ ፋኑ ተነሳ፣ ከዚያ በኋላ ማን ያስቀምጠው። ሐጂ ከኋላ ሆነው "ማል ተኤ? ምን ሆነ? ይሄ ነገር አውሮፕላን ነው እንዴ?" ይሉኛል። አጎቴ ከጎኔ ንግግራቸውን ያጠናሉ። "እንደሚታወቀው… እንደሚታወቀው…" ከዚያ ወዲያ አልሄደላቸውም።

የአባቷ በር ላይ ደርሰን ሞተሩን አጠፋሁ። ፋኑ ቀጠለ። ኮፈኑን ከፍቼ ሪሌውን በጣቴ ለመንቀል ሞከርኩ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ተቃጠልኩ። ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ እኔ ኮፈኑን ዘግቼ መሪው ሥር አጎነበስኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ስለነበር ሁሉንም አያለሁ። መስማቱም አላስቸገረኝም፤ በፋኑ ምክንያት ሁሉም የሚናገረው እየጮኸ ነበር።

ልጅ ጠያቂ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ባለቤቱ "ተቀመጡ" ካለ ነገሩ ተስፋ አለው፤ ካላለ ቆመህ ትናገራለህ፣ ቆመህ ትመለሳለህ። አጎቴና ሐጂ ቆሙ። አባቷ ከፊት ለፊታቸው ቆሙ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ለጸሎት ቤት የሚለብሱትን ኮት የለበሱ።

"እንደሚታወቀው" አሉ አጎቴ።

"ምን?" አሉ አባቷ።

"እንደሚታወቀው!"

"አይሰማም! በመጀመሪያ ሞተሩን አጥፉት!"

"ጠፍቷል ኦቦ! ወላሂ ጠፍቷል!" አሉ ሐጂ።

"ጠፍቶ ነው እንዲህ የሚጮኸው?"

አጎቴ ንግግሩን ቸል ብለው ወደ ዋናው ፍሬ ነገር ዘለሉ። እጃቸውን አፋቸው ላይ እንደ ቀንድ አድርገው "ልጅዎን! ለልጃችን!" ብለው ጮኹ። የግራው ጎረቤት በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። የቀኙም ወጣ። መንገድ የሚያልፉ ሴቶች ቆሙ። በሹክሹክታ መጠየቅ ያለበት ነገር ለቀበሌው ሁሉ ታወጀ።

አባቷ ፊታቸው ጠቆረ። "እኔ በሰው በር ላይ ሞተር እያስጮኸ ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም" አሉ። "ልትጠይቁ ነው የመጣችሁት ልትጭኑ?"

አለቀልኝ አልኩ። ሳልከበር፣ ሳልታወቅ፣ በገዛ ራዲያተሬ ተዋረድኩ። እሷ ጓዳ ውስጥ እንዳለች አውቃለሁ፣ እንደምትሰማም አውቃለሁ፤ "እምቢ ካለ አልወጣም" ያለችኝ ቃሏም እዚያው ጆሮዬ ላይ ነበር።

አባቷ ግን ሽማግሌዎቹን ትተው ወደ በሩ መጡ። መስኮቴን በጣታቸው ቆረቆሩ። "ሹፌር! አጥፋው እንጂ!"

"ጠፍቷል አባባ" ብዬ ቁልፉን በእጄ አንጠልጥዬ አሳየኋቸው።

ቁልፉን አዩ፣ ፋኑን ሰሙ፣ እንደገና ቁልፉን አዩ። ዕድሜውን ሙሉ ማሽን ፊት የቆመ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ትቶ መመለስ አይችልም። "ኮፈኑን ክፈተው" አሉኝ። ከውስጥ ሆኜ ከፈትኩና አንገቴን በመስኮት አወጣሁ። ሽማግሌዎቹም ተከትለው ወጡ፤ አልተቀመጡምና ለመውጣትም መነሳት አላስፈለጋቸውም።

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። "ውኃ ጎድሎት ነው፣ ተጠምቶ ነው የሚጮኸው" አሉ ሐጂ። አጎቴ "እንደሚታወቀው የባትሪ ችግር ነው" አሉ፤ ባትሪው የቱ እንደሆነ ግን በዓይናቸው እየፈለጉ ነበር። የግራው ጎረቤት ቴርሞስታቱን አውጡት አለ። "ወጥቷል" አልኩ። "እንግዲያው መልሱት" አለ። አባቷ "ቀበቶው ላልቷል" አሉ፣ በሙሉ ሥልጣን። ይህ ፋን ቀበቶ የለውም፤ ግን ይህን በዚያች ሰዓት ለማን ልናገር?

ቀበቶውን ሲፈልጉ ዝቅ አሉ፣ እጃቸውን ከራዲያተሩ በታች አስገቡ፣ አንድ ጭብጥ ነገር ይዘው ወጡ። መዳፋቸውን ዘረጉ። ገለባ ነበር። ቡናማ፣ ደረቅ፣ በዘይት የተነካካ የቡና ገለባ። መልሰው አስገቡ፣ ሌላ ጭብጥ ወጣ። ኋላ ላይ የቦሳ አዲሱ ኤሌክትሪሺያን የፋኑን ሞተር ፈትቶ ሲያይ ውስጡ ወፍ ጎጆ የሠራችበት ይመስል ነበር፤ የታነቀ ሞተር ለመዞር ሲታገል ከሚገባው በላይ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ሪሌውን የሚያቀልጠውም ያው ነው። ገለባው ተጠርጎ ሞተሩ ሲቀየር ፋኑ ሰው ሆነ። "አላልኩህም? ሲስተሙ ነው" አለኝ ሰውዬው፣ ሳያፍር። በዚያች ቅዳሜ ግን ይህን ማንም አላወቀም። አባቷ ገለባውን በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

"ይሄ የኔ ገለባ ነው" አሉ።

"ገለባ ሁሉ ገለባ ነው አባባ" አልኩ።

"የኔ ነው። በመኪና አፍንጫ ከፍታ ገለባ የሚተፋው የኔ ቱቦ ብቻ ነው። ከቱቦው ኋላ ደግሞ መንገድ የለም። አንተ እዚያ ምን ታደርጋለህ?"

"መድኃኒት… ላደርስ…"

"ለማን? ለገለባው?"

ሐጂ "ያ ረቢ" ብለው ሽቅብ አዩ። አጎቴ ሽቅብ የሚያዩበት ነገር ሲያጡ ጫማቸውን አዩ። ፋኑ ይጮሃል።

በዚህ መሃል ከቤት ወጣች። ልጅቷ ሳትጠራ መውጣት የለባትም፤ ያንን ወግ ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለች። ግን ያ ድምፅ ለእሷ የሚጮህ ፋን አልነበረም፤ ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ በእጇ የምታስተኛው ነገር ነበር። አንድ እጇ ላይ ሊጥ አለ፣ በሌላው እጇ ያችን ጠፍጣፋ ብረት ይዛለች። በአባቷና በሐጂ መካከል አለፈች፣ ሳታይ፣ ሳትፈልግ፣ በአንድ ምት ሰክታ ፈነቀለችው። ሪሌው መዳፏ ላይ ወደቀ።

ጸጥ አለ። መንደሩ በሙሉ ጸጥ ያለ መሰለኝ። የሆነ ቤት ውስጥ ሬዲዮ መዝሙር ያሰማ ነበር፣ እሱ እንኳ ያኔ ነው የተሰማን። እሷ ምን እንዳደረገች የገባት ቀና ብላ አባቷን ስታይ ነው። እሳቸው በአንድ እጃቸው ገለባውን ይዘዋል፤ ልጃቸው ሪሌውን ይዛለች። ከዚህ በኋላ ምስክር የሚፈልግ ዳኛ ካለ ዳኛው ሞኝ ነው።

ከመኪናው ወረድኩ። "አባባ፣ እኔ ሹፌር አይደለሁም" አልኩ።

"አውቃለሁ" አሉ። "ሹፌር ብትሆን መኪናህ እንዲህ አይሆንም ነበር።"

አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ ነገሩ… ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?"

አባቷ መዳፋቸው ላይ ያለውን ገለባ ሲያገላብጡ ቆዩ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ ሁላችንም ለመስማት ጠጋ አልን።

"ፋርማሲ ውስጥ የቡና ገለባ የለም" አሉ። "ልጄ ግን ፀጉሯ ላይ ይዛ ትገባ ነበር። እኔ በገለባ ነው ያረጀሁት፣ አንዷን ፍንጣሪ እንኳ አውቃታለሁ።" ወደ ልጃቸው አላዩም። "እናቷ ከሞተች ወዲህ ማዕድ ላይ ከእኔ ጋር ትቀመጣለች፣ አትበላም። አንድ ሁለት ትጎርስና ሳህኑን ወደ እኔ ትገፋዋለች። ለመንኳት፣ ጸለይኩ፣ አልሆነም። ፀጉሯ ላይ ገለባ ይዛ የገባች ቀን ግን ትበላለች። እያወራች ትበላለች። አይቼ ዝም አልኩ። ምን ልበል? አትብዪ ልበላት?"

ሐጂ ቆባቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት።

አባቷ ገለባውን መሬት ላይ አራገፉ፣ እጃቸውን በኮታቸው ጠረጉ። "የሃይማኖቱን ነገር ገና እንጣላለን" አሉ ወደ አጎቴ ዞረው። "ብዙ እንጣላለን። ግን ቆመን አይሆንም።" ከዚያ ወደ ልጃቸው፦ "አንቺ፣ ለሰዎቹ ወንበር አውጪላቸው።"

እሷ ሪሌውን እንደያዘች ቆማ ታለቅስ ነበር። ወንበሩን እኔ ገብቼ አመጣሁ።